ምዕራፍ ስድስት፦ በዓመት አንዴ የሚሸሽ ውሃ

በሰሜን አውሮፓ የባህር ዳርቻ የውሃ ወፍ የሚመለከት ሰው ቀጠሮ የሚይዘው ከባህሩ ጋር ነው። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ያህል ይጎድላል። በጎደለ ቁጥር ለዓይን የማይማርክ ሰፊ ጭቃ ይገለጣል። ጭቃው ግን ትል፣ ቀንድ አውጣና ጥቃቅን ነፍሳት የታጨቀበት በመሆኑ እግራቸውም ምንቃራቸውም የረዘመ ወፎች በሺዎች ይወርዱበታል። ውሃው ሲመለስ ዳር ላይ ወዳለው ሳራማ ረግረግ ሸሽተው፣ ተጠጋግተው ቆመው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ዝይዎቹ ቀን ቀን ያንኑ ሳር ሲግጡ ይውላሉ፤ ሲመሽ ቀበሮ ወደማይደርስበት ጭቃና ውሃ ወርደው ያድራሉ። ይህን ሥርዓት ያወቀ ተመልካች ወፍ አያሳድድም። ቦታውን ይዞ ይቆማል፤ ውሃው ራሱ ወፎቹን እየገፋ ያመጣለታል።

ባህር የለንምና ይህ የሌላ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከቦሌ ሚካኤል ተነስቶ ግማሽ ቀን የሚጓዝ ሰው ይህንኑ ሥርዓት በዓይኑ ያየዋል ባይ ነኝ። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ያለው ሜዳም ይሞላል፤ ይጎድላልም። የሚሞላው በክረምት ነው፣ የሚጎድለው በበጋ፤ አንዱ ዙር ዓመት ሙሉ ይፈጃል። ስለ ውሃ ወፎቻችን ልናውቀው ከሚገባን ነገር ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ባህር ዳር ላይ ዛሬ ያልበላች ወፍ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሌላ ዕድል አላት። የእኛ ጭቃ ግን አንድ ጊዜ ካመለጠ የሚጠበቀው የሚቀጥለው መስከረም ነው።

ነገሩ ከአፈሩ ይጀምራል። ከቦሌ እስከ አቃቂ፣ ከጎሮ እስከ ቦሌ ለሚ የሚዘረጋው ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ ነው፤ መረሬ የሚሉትም አሉ። ይህን ጥቁር አፈር ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ቆፍሮ አውጥቶ በሌላ አፈር ካልተካው ግድግዳው ይሰነጠቅበታል። በውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በግንቦት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይኖረዋል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ውሃውን መጀመሪያ በስንጥቁ ይጠጣዋል፤ ቆይቶ ያብጥና ስንጥቁን ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ የሚወርደው ዝናብ መግቢያ የለውም፤ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነም መውረጃ የለውም። ስለዚህ ባለበት ይተኛል። በነሐሴ ጨፌ የሚባለው ቦታ ሁሉ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ይሆናል፤ ገብቶ ለሚሻገረው ሰው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ቢደርስ ነው። ለእነዚህ ወፎች ደግሞ ከዚህ የተሻለ ልክ የለም። ጥልቅ ሐይቅ ለሚጠልቅ ወፍ ይሆናል እንጂ ለሚራመድ ወፍ አይሆንም።

መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፤ ውሃው በፀሐይና በነፋስ እየተነነ ከዳር ወደ መሀል ይሰበሰባል። በየሳምንቱ አዲስ የጭቃ ቀለበት ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ውሃ ሥር የነበረው እጭና ትል አሁን ምንቃር ይደርስበታል። ይህ እስከ ጥር፣ ዝናቡ ጥሩ በሆነ ዓመት እስከ የካቲት ይዘልቃል።

ከሰሜን የሚመጡት መንገደኞች የሚደርሱትም በዚሁ ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ በነሐሴ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ይታያሉ፤ በመስከረም ይበዛሉ። ብዙዎቹ የረጋ የአማርኛ ስም ስለሌላቸው አንዳንዶቹን በሳይንስ ስማቸው እጠራቸዋለሁ። ትሪንጋ ግላሪዮላ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ቀጭን ወፍ ነው፤ የሚፈለፈለው ከስካንዲኔቪያ እስከ ሩቅ ሳይቤሪያ ባለው ረግረግ ነው። ዘመዱ ትሪንጋ ኦክሮፐስ ጠቆር ያለ ሲሆን ሲነሳ ከጅራቱ በላይ ያለው ነጭ ቦግ ይላል። ይህ ወፍ ኑሮው ውሃ ዳር ሆኖ ሳለ እንቁላሉን የሚጥለው በሰሜኑ ደን ዛፍ ላይ፣ ሌሎች ወፎች በተዉት አሮጌ ጎጆ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ማግስት ከዛፉ ዘለው ይወርዳሉ። ካሊድሪስ ሚኑታ ደግሞ ከሁሉም ታንሳለች፤ ክብደቷ ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል ነው። የተፈለፈለችው ዛፍ በማይበቅልበት የአርክቲክ ሜዳ ነው። ከዚያ እስከ አቃቂ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ይህን ሁሉ የምትሻገረው ከመነሳቷ በፊትና በየማረፊያዋ በሰውነቷ ባጠራቀመችው ስብ ነው፤ ስትደርስ ያ ስብ አልቋል። ጭቃው እሷን የሚጠብቃት በዚህ ሰዓት ነው።

ቦሌ ሚካኤልን መነሻ ያደረግሁት ትልቅ ረግረግ ስላለበት አይደለም። ሠፈሩ ከአየር ማረፊያው ጋር ይጎራበታል፤ በአንድ ወገን የማረፊያው ሰፊ ሳር፣ በሌላው ወደ ቡልቡላ የሚወርደው ወንዝ አለ። ከተማው እየገፋ የሄደበት ሜዳ ምን እንደነበር ለማሰብ ይህ ጥሩ ቦታ ነው። ወፍ የማየት ትምህርትም ከዚሁ ከሰፈር ሊጀመር ይችላል፤ የመጀመሪያው መምህር ጋጋኖ ነው።

ጋጋኖን የማያውቅ የቦሌ ነዋሪ የለም፤ ስሙን ባያውቅ ድምፁን ያውቃል። ገና ጎሕ ሲቀድ ከማደሪያው ተነስቶ በጣሪያ ላይ እየጮኸ ያልፋል። ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በትምህርት ቤት ሜዳና በሆቴል ሳር ላይ እያቀረቀረ ሲራመድ ይውላል። ጥቁር ቡናማ ነው፤ ክንፉ ላይ ነጭ አለበት፤ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሏል። ይህ ወፍ በዓለም ላይ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ከሩቅ አገር ብዙ ገንዘብ ከፍለው እሱን ለማየት የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እኛ ከመስኮታችን ሥር እናገኘዋለን።

ጋጋኖ ሲመገብ አስር ደቂቃ ቢታይ የውሃ ዳር ወፎች አኗኗር ግማሹ ይገባል። ዓይኑ መሬቱ ላይ ቢሆንም የሚፈልገውን በዓይኑ አይደለም የሚያገኘው። ወደ ታች የጎበጠውን ምንቃሩን እየወጋ፣ እየነቀለ፣ ደግሞ እየወጋ ይሄዳል። ጫፉ ላይ በንክኪ የሚሠሩ ነርቮች የተሰበሰቡባቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፤ ከአፈር በታች ያለውን ትል የሚያውቀው በእነሱ ነው። ከሰሜን የሚመጡት ምንቃረ ረጃጅሞችም ይህ ስጦታ አላቸው። ጋሊናጎ የሚባለው፣ ሳር መስሎ የሚተኛው ወፍ ደግሞ ይጨምርበታል። ምንቃሩ ጭቃ ውስጥ እስከ ሥሩ ተቀብሮ ሳለ ጫፉን ብቻ ከፍቶ ትሉን ይይዛል። መላ አፉን ቢከፍት ጭቃው በሞላው ነበር።

አንድ ኩሬ ዳር አምስት ዓይነት ወፍ ሳይጣላ አብሮ የሚበላው በዚህ የምንቃርና የእግር ልዩነት ነው። እንደ ክር የቀጠነ ቀይ እግር ያለው ጥቁርና ነጩ ሂማንቶፐስ ሆዱን ሳያርስ ወደ መሀል ይገባና ከውሃው ገጽ ላይ ነፍሳት ይለቅማል። ትሪንጋ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይገባል። ካሊድሪስ ውሃው አሁን በለቀቀው ጭቃ ላይ እየሮጠች ትለቅማለች። አጭር ምንቃርና ትልቅ ዓይን ያላቸው ወገኖች ደግሞ በደረቁ በኩል ቆመው ይጠብቃሉ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያዩ ጥቂት እርምጃ ሮጠው ይለቅማሉ፤ እንደገና ይቆማሉ። ስለዚህ ላባው የሚያምታታው ጀማሪ ከቀለም መጀመር የለበትም። መጀመሪያ ወፉ የቆመበትን ጥልቀት ይይ፤ ቀጥሎ አበላሉን፤ ከዚያ ምንቃሩን። ቀለሙ በመጨረሻ ይደርሳል። በተለይ ራፍ የሚባለውን ወፍ በቀለም አውቃለሁ ያለ ሁሉ ይቸገራል። ወንዱ በሰሜን አገሩ በጋብቻ ወራት አንገቱ ላይ የሚዘረጋውን ትልቅ የላባ አንገትጌ ጥሎት ስለሚመጣ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወንዱም ሴቷም ቡናማ ናቸው፤ ወንዱ በግዝፈቱ ብቻ ይለያል።

ከዚህ ሁሉ እንግዳ መሀል አንድ የራሳችን ባለቤት አለ። ቫኔለስ ሜላኖሴፋለስ ራሱ ጥቁር፣ ደረቱ የተነጠበጠበ፣ ዓይኑ ሥር ቢጫ ሥጋ ያለው የደጋ ጨፌ ወፍ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። ሱሉልታን በመሰለ እርጥብ ሳር ላይ በትንንሽ መንጋ ሲሄድ ይታያል። ከፊቱ ለቆመ ሰው ብዙም አይደነግጥም፤ ይህም በቀላሉ እንዲታለፍ አድርጎታል።

ወደ ዝይዎቹ ልምጣ፤ የዚህ ምዕራፍ ልብ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ሦስት ዓይነት ዝይ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው የግብፅ ዝይ ነው፤ ቡናማ፣ ዓይኑ ዙሪያ ጠቆር ያለ መነጽር የመሰለ ክብ ያለበት፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚኖርና ጯሂ። በመላው አገራችን ከቆላ እስከ ደጋ አለ። ይህንኑ ወፍ እንግሊዞች ከመቶዎች ዓመታት በፊት ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ወስደውት ነበር። በኋላ በምዕራብ አውሮፓ ተራብቶ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ከወራሪ መጤ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። እዚያ እንዲቀንስ የሚፈለገው ወፍ እዚህ የገዛ አገሩ ላይ ነው። ሁለተኛው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ዝይ ነው፤ ከአፍሪካ ዝይና ዳክዬ ሁሉ የሚተልቀው እሱ ነው። ክንፉ መታጠፊያ ላይ የሚዋጋበት ሹል አጥንት አለው። መርዛም ጥንዚዛ በሚበላበት አካባቢ ሥጋው ራሱ መርዝ ይሆናል።

ሦስተኛው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነው፤ እሱን ለመግለጽ ጥቂት ቦታ ያስፈልገኛል። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው፤ መዝጋቢውም ከዚያ ቀደም በ1830ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የተጓዘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነበር። ጋጋኖንም ቫኔለስንም ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ዝይው ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ አይገኝም። ከ1,800 ሜትር በላይ፣ ይበልጡን ከ2,400 ሜትር በላይ ባለው የወንዝ ዳር ሳርና የደጋ ጨፌ ይኖራል፤ በባሌና በሰሜን ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይም ይወጣል። ላባው ወፍራምና ልቅ ነው። የደጋ ሌሊት እንደሚበርድ የሚያውቅ ሁሉ ለምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ቆሞ ሲያዩት ግራጫና ቡናማ ነው፤ የሚደነቅ ነገር ያለው አይመስልም። አቋሙን ግን ልብ ይበሉ። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ጀርባው ላይ ጋደም አድርጎ ይቆማል፤ ሲራመድም አንዳንዴ እንደዚያው ነው። ከሩቅ በዚህ አቋሙ ብቻ ከግብፁ ዝይ ይለያል። ጯሂ አይደለም፤ ቀጭን ፉጨት ነው ያለው። ሲነሳ ደግሞ ክንፉ ይገለጥና የፊተኛው ግማሽ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ የኋለኛው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ተመልካች በችኮላ እንዲነሳ ቢፈልግም ማስነሳት ግን ነውር ነው። ራሱ ወድዶ እስኪነሳ የጠበቀ ሰው አበላሉንም፣ ከባልንጀራው ጋር ያለውን አኳኋንም ያያል። ሳር ይግጣል፤ ትልና ቀንድ አውጣም ይጨምራል። ጎጆውን መሬት ላይ፣ ሳር መሀል ይሠራል፤ ሴቷ አንድ ወር ያህል ትታቀፋለች።

የዚህ ዝይ የዘር ግንድም የሚገርም ነው። የዘረ መል ጥናት የቅርብ ዘመዱ ነው ያለው በኮንጎ ጫካ ወንዞች ላይ የሚኖር ዳክዬን ነው። ከሞቃት ደን ጋር የተዛመደ ወፍ በብርድ ተራራ ላይ ብቻውን ቀርቶ የዝይን መልክና ኑሮ ያዘ። ሳር የሚግጥ ትልቅ ወፍ ቦታ ክፍት ነበረ፤ እሱ ገባበት።

አዳኝ ብዙ አላስቸገረውም። ክርስቲያኑ ደገኛ ዝይና ዳክዬ አይበላምና ዝይው ለዘመናት ከከብትና ከእረኛ መሀል ሲግጥ ኖሯል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ የጥበቃ ታሪክ ነው የማየው፤ ማንም አዋጅ ሳያወጣ፣ በሃይማኖትና በልማድ ብቻ አንድ ዝርያ እስከ ዛሬ ደርሷል። ልማዱ ግን ወፉን እንጂ የሚኖርበትን ጨፌ አይጠብቅም። ዛሬ ዝይውን የሚጎዳው ወጥመድ ሳይሆን ቦይ ነው። ጨፌው ይጠነፈፋል፣ ይታረሳል፣ ካልታረሰም ከብት በዝቶበት ሳሩ መሬት ይነካል።

የምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ ይህን ዝይ ለማየት ሊሞክር የሚገባው በደሴ መንገድ ለገዳዲ፣ በአምቦ መንገድ ደግሞ ገፈርሳ ነው። ሁለቱም ለከተማው መጠጥ ውሃ የተገደቡ ናቸው፤ ጥበቃ ስላላቸውም አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። የሰው እግር የማይበዛበት የግድብ ዳር ሳር ለዝይው ተስማምቶታል። ግድብ የወንዝን ኑሮ ያናጋል፤ ይህ እውነት ነው። የለገዳዲና የገፈርሳ ዳርቻዎች ግን የተከለለ ሳርና የሚሸሽ ውሃ ስላላቸው ከጠፋው ጨፌ ጥቂቱን ተክተዋል።

ወደ ደቡብ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ከወንዙ ጋር ይወርዳል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን ግራና ቀኝ አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አባ ሳሙኤል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተገደበ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት ነበር የሚያመነጨው። በኋላ ለአስርተ ዓመታት ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና ተነሳ። ከተማው ያጠበው፣ ያጠለለውና የደፋው ሁሉ የሚወርደው እዚህ ነው። ውሃው ላይ እምቦጭ ተንሰራፍቷል። ጣናን ያስጨነቀው ይህ አረም በአገራችን መታየቱ የተመዘገበው ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው።

አባ ሳሙኤል ዳር በበጋ የቆመ ሰው አፍንጫውን ይዞ ዓይኑን ይገልጣል። ወፉ ብዙ ነው። በቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳዎችም እንዲሁ ነበር፤ ለዓመታት የወፍ ተመልካቾች የሚዘወትሩባቸው ቦታዎች ሆነው ቆይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰው ፍሳሽ ለአልጌና ለባክቴሪያ ማዳበሪያ ይሆናል፤ እነሱን የሚበላው ቀይ እጭ በጭቃው ይራባል፤ እጩን ደግሞ ዳክዬውና ትሪንጋው ይለቅሙታል። ከዚህ ተነስቶ ወፍ ካለ ውሃው ጤነኛ ነው የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። ያ ቀይ እጭ ሌላው ነፍሳት በሚሞትበት፣ ኦክስጅን በጠፋበት ጭቃም ይኖራል። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየምም በጭቃው ይቀራል፤ ትሉ ይበላዋል፣ ትሉን ወፉ ይበላዋል፤ በዚያው ወንዝ የሚጠጣው ጎመንም የእኛው ገበያ ይደርሳል። ወፉና የቦሌ ሚካኤል ነዋሪ የሚበሉት ከአንድ ወንዝ ነው።

ከአቃቂ ሜዳ ሳልወጣ ስለ ክሬን ልናገር። ግራጫ፣ ከሰው ወገብ በላይ የሚቆም፣ አንገቱ ጥቁርና ነጭ፣ አናቱ ላይ ቀይ ያለበት ወፍ ነው። ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ይደርሳል። ከሌሎቹ ዘግይቶ የሚመጣው አጨዳውን ጠብቆ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀን ጤፍ፣ ስንዴና ሽምብራ ከተሰበሰበበት ማሳ ላይ የወደቀውን ሲለቅም ውሎ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ መሀል ቆሞ ያድራል። ሱሉልታ፣ አቃቂ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ጨለቅለቃ፣ ከሁሉም ይልቅ በጣና ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ያውቁታል። በኢስቶኒያ ጫጩት ሳሉ የሳተላይት መከታተያ የታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ገብተዋል። ለዚህ ወፍ እርሻውና ጨፌው ሁለቱም ያስፈልጉታል። ማደሪያው ውሃ ከተጠነፈፈ ማሳው ላይ እህል ቢቀርም አይቆይም፤ ሌሊቱን ከጅብና ከቀበሮ የሚለየው ያ ውሃ ነውና። በፎገራ የነበሩት ሸሸርና ወለላ የሚባሉት ረግረጎች እየተጠነፈፉ ለእርሻ ሲውሉ የጠፋው ይህ ማደሪያ ነው።

አሁን ወደ አየር ማረፊያው ልመለስ፤ የወፍ ወዳጅ ነኝ የሚል ጸሐፊ ይህን ሊዘልለው አይገባም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሳ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሞክረው አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ አረፈ፣ ተቃጠለም። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግብ ይህን ካደረገች ዝይ፣ ሽመላና ክሬን ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ መገመት አያስቸግርም። ወፍን ከማኮብኮቢያ ማራቅ ጭካኔ አይደለም፤ ለሰውም ለወፉም ነው።

የሚራቁበት መንገድ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ጥይት ተኩሶ ማባረር ለአንድ ሰዓት ነው። ዋናው ሥራ ቦታው እንዳይስባቸው ማድረግ ነው። ለምሳሌ ሳሩ በጣም ካጠረ ጋጋኖና ዝይ ይወዱታል፤ ምግባቸውም ጠላታቸውም ይታያቸዋልና። ጥቂት ከረዘመ ግን ዙሪያቸውን ስለማያዩ አይወርዱበትም፤ በብዙ አገር ማረፊያዎች ሳሩ አንድ ስንዝር ያህል እንዲሆን የሚደረገው ለዚህ ነው። ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድ ይደፈናል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በማረፊያ ዙሪያ በ13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ወፍ የሚስብ ነገር፣ በተለይ ቆሻሻ መጣያ እንዳይኖር ይመክራል። ይህን ክብ በቦሌ ዙሪያ ብናሰምረው ቃሊቲም የረጲ ቆሻሻ መጣያም ውስጡ ይወድቃሉ። ስለዚህ ወፎቹ ሩቅ የሆነና አስተማማኝ የማደሪያ ውሃ እንዲኖራቸው ማድረግ የአቪዬሽን ደህንነትም ጉዳይ ነው። ከአቃቂ በታች ያለው ጨፌ ከተጠነፈፈ ክሬኑና ዝይው አካባቢውን ለቅቀው አይሄዱም፤ ቀሪውን ክፍት ሳር ይፈልጋሉ። ከከተማው ውስጥ የቀረው ትልቅ ክፍት ሳር ደግሞ የማረፊያው ነው።

ጨፌን እየተጠቀሙበት መጠበቅ አይቻልም የሚል ሰው በርጋን ይይ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከሆለታ አለፍ ብሎ ያለ ረግረግ ነው። በክረምት ሳራማው ውሃ ውስጥ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ ክንፏ ነጭ የሆነ ወፍ ትራባለች፤ የሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ ነው። በዓለም ላይ በዋናነት የምትታወቀው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መሀል ተመድባለች። በርጋ ላይ መራባቷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪዎቹ ጋር የተስማማው ከብቱን ለዘላለም እንዲያስወጡ አልነበረም። ወፏ በምትፈለፍልበት የክረምት ወራት ጨፌው እንዲያርፍ፣ ከዚያ በኋላ ሳሩ እንዲታጨድና እንዲጋጥ ነው። ነዋሪው ያረፈ ሳር አገኘ፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት አገኙ። የዓመቱን ዙር ያወቀ ስምምነት የሚባለው ይህ ነው።

በከተማችን የወንዝ ዳር ልማት ሲሠራም ይኸው ዕውቀት ቢገባበት እወዳለሁ። ወንዙ መጽዳቱ፣ ዳሩ መሄጃ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዳርቻው ሁሉ በድንጋይና በሲሚንቶ ሲገነባ ውሃው ይሸሽበት የነበረው ጭቃ አብሮ ይቀበራል። ከወንዙ አንዳንድ ቦታ፣ ጎርፉ ቢሞላበት ቤት የማያፈርስበት መታጠፊያ ላይ፣ ዘቅዘቅ ያለ የአፈር ዳርቻ ሳይነካ ቢተው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መስከረም ላይ ትሪንጋ ይወርድበታል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፉን ተቀብሎ ያቆይልናል።

መመልከቱን ለሚጀምር ሰው የምመክረው ጥቂት ነው። ፀሐይ ከጀርባ እንድትሆን ጠዋት ከውሃው ምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ይቁም። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ቢኖረው መልካም ነው፤ ከአየር ማረፊያ፣ ከግድብና ከካምፕ አጠገብ ግን ሳያስፈቅድ አያውጣው። በእግሩ ከመቅረብ ይልቅ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ሰላም ይበል፤ ዝይው ትናንት የዋለበትን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ይቁጠር። ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ በብዙ አገሮች በየጥር ወር አካባቢ የውሃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ በኢትዮጵያም ያ በርጋ ላይ የሠራው ማኅበር ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ይህን ሲሠራ ኖሯል። ቀኑ፣ ቦታው፣ ዓይነቱና ቁጥሩ ይጻፋል። ምንም ያልታየበት ኩሬም ምንም አልታየም ተብሎ ይመዘገባል። ይህ መዝገብ አሁን በጣም የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ አዲስ ማረፊያ ለመገንባት አቅዷል። ያ አገር የሐይቅና የጨለቅለቃ አገር ነው። ክሬኖቹ ጠዋት ከየትኛው ውሃ ተነስተው፣ በምን ከፍታ በርረው፣ የትኛው ማሳ ላይ እንደሚወርዱ፣ ማታስ በየት በኩል እንደሚመለሱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቆሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አንድ በጋ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ የበዛበትም ያነሰበትም ዓመት። ይህን ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን አይጨርሰውም። በቢሾፍቱና በምሥራቅ አዲስ አበባ ያሉ መምህራን፣ ተማሪዎችና ጡረተኞች ቅዳሜ ጠዋት ሊሠሩት ይችላሉ።